ጎኑ ላይ ያለችው ቁልፍ

ስልኩን የነደፍኩት እኔ ነኝ። ድርጅታችንን ገበያ ከራቀው ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ አካሉን እኛ፣ ሶፍትዌሩን አጋር ድርጅት ይሥራው ተባለና ይሄ ስልክ የመጨረሻ ተስፋችን ሆነ።

ጎኑ ላይ አንዲት ቁልፍ አለች። ለአውራ ጣት ትመች ብዬ አርባ ጊዜ ሞርጄ ያስተካከልኳት ናት። ችግሩ፣ ስትጫናት ምንም አትሠራም። "ሥራ እንሰጣታለን፣ ታገሱን" ይላሉ አጋሮቻችን። ስድስት ወር ታገስናቸው። እኔ ግን ስብሰባ ላይም፣ ምሳ ሰዓትም፣ ታክሲ ውስጥም ስጫናት እውላለሁ።

"አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ቀጭ ቀጭ ናላዬን አዞርከው!" ትለኛለች ባለቤቴ። እናቴ ደግሞ "የሰው ወርቅ አያደምቅ ብዬህ ነበር" እያለች ነገር ትጨምርብኛለች።

ዛሬ ጠዋት ለቁልፏ ሥራ የሚሰጠው የሶፍትዌር ማሻሻያ ተላከልንና ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ቢሮው ሰበሰበን። ስልኩ ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ ተቀመጥ ቢሉኝም እምቢ ብዬ በመስኮቱና በጠረጴዛው መሀል ተንቆራጠጥኩ።

"በል፣ የወለድካት አንተ ነህ፤ ተጫናት" አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

ተጫንኳት። ወዲያው ስክሪኑን አንድ ማስታወቂያ ሞላው፦ "ስልክዎ አርጅቷል? ሶፍትዌሩን የሠራነው እኛ፣ አሁን የራሳችንን ስልክ ይዘን መጥተናል!"

ከጽሑፉ ሥር የአዲሱ ስልካቸው ፎቶ ነበር፤ በጣቶቼ ጎትቼ አተለቅኩት።

ጎኑ ላይ ቁልፌ አለች።