ሠላሳ ሰባቱ ስልኮች

አዲሱ ሕግ ግልጽ ነው፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ የሚይዘው ስልክ ጸያፍ ምስልና የማይታወቅ ሰው መልእክት የሚከለክል ማገጃ ይኖረዋል። ማገጃውን ያነሳ ጠጋኝ ሱቁ ይታሸጋል፣ እሱም ይታሰራል። ሰፈሩ "መክፈቻ" እያለ የሚጠራው ስልክ ጠጋኝ ሕጉን ከሱቁ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። ለጠፈው እንጂ ፈራው አልተባለም።

ወላጆች "ትምህርቱን ሳይቀር ዘጋብን፣ እባክህ መላ በለን" እያሉ ይመጣሉ። እውነታቸውን ነው፤ ማገጃው የሳይንስ መጽሐፉን ሁሉ ከብልግና ይቆጥረዋል። መክፈቻ ደግሞ ሰው ፊት እምቢ ማለት አይሆንለትም። ስልኩን እንደ አዲስ ያስነሳና ዕድሜ ሲጠየቅ የራሱን ይሞላል። እንዲህ እንዲህ እያለ በሰፈሩ ሠላሳ ሰባት ልጆች የአርባ አራት ዓመት ጎልማሳ ሆኑ። ማታ ራት ላይ "ዛሬም አንድ እኩያ ተወለደልኝ" እያለ ቤተሰቡን ያስቅ ነበር። የገዛ ሴት ልጁን ስልክ ግን ነክቶት አያውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የልጁ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር አስጠራችው። ቢሮዋ ውስጥ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የመጣች መርማሪ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ ፊቱ ጥቁር፣ ጀርባው አረንጓዴ የሆነ ስልክ አለ። ጀርባውን ከሌላ ስልክ ነቅሎ የገጠመው እሱ ራሱ ነው። የልጁ የልብ ጓደኛ ስልክ ነው። 

"ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የዚህ ስልክ ባለቤት ለሆነችው ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጸያፍ ምስል ሲልክላት ነበር" አለች መርማሪዋ። "አባቷ ስገዛውም ክፍት ነበር ይላሉ። እርስዎ ባለሙያ ነዎት፤ ማገጃው እንዴት ተነሳ? የከፈተው ሰው ቢገኝ ሌሎቹንም ስልኮች ዛሬውኑ እናስዘጋ ነበር። ሰውዬው ከአንዷ ልጅ ወደ ሌላዋ እየተሻገረ ነው።"

መክፈቻ ስልኩን አገላበጠው።  ሱቁ ታየው፣ ማሸጊያው ታየው።

"ከፋብሪካው የመጣ ጉድለት ይመስለኛል" አለ። በጽሑፍ ይስጡን ሲሉት ጻፈላቸው፤ ፈረመላቸውም። ፈሪ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ልጁ ኮሪደሩ ላይ ስትጠብቀው ነበር። ከግቢው ወጥተው ጥቂት እንደሄዱ ቆም አለች።

"አባዬ፣ ሠላሳ ሰባቱን ነገርካቸው?"

"ሆድ ይፍጀው በይ የኔ እናት። የትልቅ ሰው ነገር ነው።"

"ሰውዬው በጓደኛዬ ስልክ ለእኔም ጽፎልኛል።" ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። "ያንቺንም አስከፍቺው፣ የሚከፍተው አባትሽ ነው አይደል አለኝ።"

አጠገቧ ቁጢጥ አለ። "ምነው ታዲያ ለእኔ ሳትነግሪኝ?"

"ብትነግሪውም ለሱቁ ፈርቶ ዝም ይላል አለኝ።" እንባዋ መጣ። "እኔ ግን አባቴ ይናገራል አልኩት።"

መክፈቻ ዞር ሲል የመርማሪዋ መኪና ከግቢው ወጥታ ወደ ዋናው መንገድ እየታጠፈች ነበር። እጁን እያወዛወዘ፣ እየጮኸ ሮጠ። ልጁ መንገዱ ዳር፣ ስልኳን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች።