ሦስተኛው እጅ

ከእንጦጦ ግርጌ ባለው ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የሚያስተምረው ፍሥሐ ጠመኔ አይወድም፤ የሚያስረዳው በተማሪ ነው። ሃይድሮጅን የሆነ ልጅ አንድ እጁን ይዘረጋና ሌላውን ኪሱ ይከታል። ኦክስጅን ሁለቱንም ይዘረጋል። ችግር የሚመጣው ናይትሮጅን ላይ ሲደርስ ነው፤ ሦስት እጅ ያለው ተማሪ ከየት ይገኛል?

የዚያን ቀን ናይትሮጅን የሆነችው መብሩካ ነበረች። ፍሥሐ አንገት ልብሷን ወገቧ ላይ አሳሰራትና ጫፉን ሦስተኛ እጅ አደረገው።

«ትራይቫለንት ማለት ይኸው ነው» አለ። «ሦስት ማሰሪያ ያለው። ሦስቱም ካልተያዙለት አርፎ አይቀመጥም። በሉ፣ ሦስት ሃይድሮጅን ስጧትና አሞኒያ ትሁን!»

ሁለት ልጆች ከፊት ወንበር ተነሡ። ፍሥሐ ለሦስተኛው ወደ ኋላ ተመለከተ። ከድር እዚያ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የውትድርና አፈሳ ከተጀመረ ወዲህ ያ ረጅም ልጅ በባሕር ዛፉ መሃል በጓሮ እየገባ፣ ከመስኮት ርቆ እየተቀመጠ ነው የሚማረው። ይህን ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ፍሥሐም ያውቃል፤ ግን የገዛ ትምህርቱ ጥሞት ረሳው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

«አንተ ረጅሙ፣ ና!»

«ቲቸር፣ ሌላ ሰው ቢሆንስ?»

«ምን ያግደረድርሃል? ና እንጂ!»

ከድር መጣ። መስኮቱ ትይዩ ቆሞ የአንገት ልብሱን ጫፍ ጨበጠ። በውጭ የሚያልፉት የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች ቀና ብለው አዩት።

በሩ ተንኳኳ። «ጓድ መምህር፣» አለ ከጥበቃዎቹ አንዱ፣ ጠመንጃ ያነገተው ከበበ፣ «ያንን ረጅሙን እንፈልገዋለን።»

«ትምህርቱ አላለቀም» አለ ፍሥሐ።

«እንጠብቃለን።»

በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። ፍሥሐ የሚያውቀውን ሁሉ አወራ፤ ስለ አየር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ፈንጂ። ትራይቫለንትን ደጋግሞ አስረዳ። የመብሩካ ክንድ ዝሎ ይንቀጠቀጣል፤ ሆኖም ከአራቱ ማንም አልለቀቀም። ደወሉ ግን እንደ ልማዱ ደወለ።

ከበበ ከድርን ክንዱን ይዞ ሲጎትተው ልጁ የአንገት ልብሱን ጫፍ እንደጨበጠ ነበር። መብሩካ ወገቧ ላይ ያለውን ቋጠሮ ፈታች።

«ያዘው፣ ይበርድሃል» አለችው።

ፍሥሐ ከድርን ይቅርታ ሊለው ፈለገ፤ አልቻለም። አፈረ።

በማግስቱ ጠመኔ አንሥቶ ሰሌዳው ላይ ናይትሮጅንን ሣለ። አንድ መስመር አሰመረ፣ ሁለተኛውንም ደገመ። ከዚያ እጁ ቆመ። መብሩካ ከወንበሯ ተነሥታ ጠመኔውን ከእጁ ወሰደችና ሦስተኛውን ራሷ አሰመረችው።