የፋሊን አምቦክ

በውኃ በዓል ሦስት ቀን የሚሸጠው፣ በሌላው ጊዜ በሁለት ወር አይሸጥም። ስለዚህ ፋሊን በየዓመቱ የመንደሯ ጀልባ ቀዛፊዎች ለውድድር ሲነሱ እሷም ሁለት ቅርጫት አምቦክ ተሸክማ ዋና ከተማችን ፕኖም ፔን ትመጣለች። አምቦክ አዲስ ከታጨደ ለጋ ሩዝ ነው የሚሠራው፤ ተቆልቶ ትኩሱን በሙቀጫ እየተወቀጠ ይጠፈጠፋል። ዘንድሮ ከባሏ ከሮእን ጋር ስድስት ቀን ስትወቅጥ ሰንብታ መዳፏ ውኃ ቋጥሮ ነበር።

እኔ ሞም ከጎኗ ኮኮናት እሸጣለሁ። አምቦክ ያለ ኮኮናት ውኃ ጉሮሮ ይይዛል፤ የሷ ደንበኛ የኔም ደንበኛ ነው። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሆነን ሠርተናል።

ዘንድሮ ወንዙ ዳር ስንደርስ ቦታችን ላይ የአንድ ቢራ ኩባንያ ድንኳንና መድረክ ተተክሎ አገኘነው። ኩባንያው የቀጠረው ጥበቃ መጣ።

"አክስቴ፣ ተነሺ። ቦታው ተይዟል።"

"በማን?" አለች ፋሊን። "ዘጠኝ ዓመት ቂጤ እስኪላጥ የተቀመጥኩበት እኔ ነኝ!"

"ዘንድሮ የኩባንያውን ቲሸርት ለብሶ የኩባንያውን መጠጥ የሚሸጥ ብቻ ነው የሚቀመጠው።"

"ታዲያ አምቦኩን ቲሸርት ላልብሰው?"

በዙሪያችን የነበሩት ሻጭ ሴቶች ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ሁለቱንም ቅርጫት አንስቶ ወደ ድንኳኑ ጓሮ ወሰደው። እየጮኸች ብትከተለው ጓደኞቹ ገፍትረው መለሷት። እኔስ? አፈር ልብላ፣ ኮኮናቴን እንዳይወስዱብኝ ፈርቼ ቲሸርቱን ለበስኩ።

ሰባት ሰዓት ገደማ ውድድሩ ጋብ ሲል መድረኩ ላይ ሙዚቃ ተለቀቀ። ሐር የለበሱ ሁለት ቆነጃጅት ወጥተው ባዶ ሙቀጫ ይወቅጡ ጀመር።

"ክቡራትና ክቡራን!" አለ አስተዋዋቂው። "የእናቶቻችን የእጅ ሥራ! የአያቶቻችን ባህል! ኩባንያችን አምቦክ በነጻ ይጋብዛችኋል!" ከቅርጫት እየዘገነ በሙዝ ቅጠል ማደል ያዘ።

ጎኔ ቆማ የነበረችው ፋሊን ክንዴን ጨመደደችው። "ሞም፣ ያ ቅርጫት የኔ ነው።"

"ኧረ ቅርጫት ይመሳሰላል።"

"ሮእን በሰማያዊ ገመድ የጠገነውን ጠርዝ ላላውቀው?"

ከዚያ ወዲያ የሚይዛት አልተገኘም። መድረኩ ላይ ወጥታ ቅርጫቱን ከሰውዬው እጅ መነተፈችው። እሱም ድንጋጤውን በሳቅ ሸፍኖ፣ "ይኸው አንዲት እናታችን ደስታቸውን መቆጣጠር ቢያቅታቸው..." ሲል ማይኩን ከነእጁ ወደ አፏ ጎተተችው።

"የምን ደስታ? ጠዋት የነጠቃችሁኝ አምቦክ ነው! እኔን እንደ ቆሻሻ ጠርጋችሁ፣ የወቀጥኩትን ለሰው አድላችሁ፣ ደግሞ የእናቶች እጅ ትላላችሁ? እጁ ይኸውላችሁ!" መዳፏን ለሕዝቡ ዘረጋች። ከዚያ ወደ አንዷ ቆንጆ ዞረች። "አንቺ ደግሞ፣ ልጄ፣ ዘነዘና እንዲያ አይያዝም። ትንኝ የምትገድይ ነው የምትመስይው።"

ሕዝቡ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ማጉረምረም ጀመረ። ድርሻውን አፉ ሳያደርስ የቆመ አንድ ሽማግሌ፣ "መልሱላት እንጂ!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ሲቀርጽ ጥበቃዎቹ ተያዩና ሁለተኛውንም ቅርጫት አመጡላት። የመጀመሪያው ግን ተሟጦ ነበር።

ቅርጫቶቿን በመሸከሚያው እንጨት አንጠልጥላ ስትወርድ፣ ከኩባንያው አንድ ጎረምሳ እየሮጠ ደረሰባት።

"አክስቴ፣ አለመግባባት ነው። አንድ ቲሸርትና አንድ ካርቶን ቢራ..."

"ቢራውን ለአለቃህ አጠጣው። ከዚህ ሥራው በኋላ እንቅልፍ እንቢ ካለው ይረዳዋል።"

እኔም ያን ጊዜ ቲሸርቱን ከቀሚሴ ላይ አውልቄ ለጎረምሳው አስታቀፍኩትና ጋሪዬን እየገፋሁ ተከተልኳት። ከኋላ መንገድ፣ አንድ አጥር ሥር ተቀምጠን የተረፈውን ሸጥን። የተበላውን ቅርጫት ግን ማንም አልተካላትም፤ ይቅርታ ያላትም የለም።

በማግስቱ ያው ሙዚቃ ተለቀቀ፣ ያው ሰውዬ ስለ እናቶች እጅ ለፈለፈ። ፋሊን ድምፁን በሰማች ቁጥር ሚዛኗን አስቀምጣ ወደዚያ አቅጣጫ እንትፍ ትል ነበር።