ሦስት ዙር ቴፍሎን

ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ የተማርኩት ሁሉ የወጣው ከአባባ የመሣሪያ ሣጥን ነው። አባባ የእናቴ አባት ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛ። እኔ ረዳቱ ነኝ። ለደንበኛ ሲያስተዋውቀኝ ግን «ይቺ ምላሷ ከመፍቻዬ የሚረዝም የልጅ ልጄ ናት» ይላል። አይዋሽም።

እማዬና እኔ አዳራሽ እንሄዳለን፤ አባባ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን። እኛ እጃችንን ዘርግተን፣ እየዘለልን እንዘምራለን፤ ስንጸልይም ሁላችንም በአንዴ፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ነው። እሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከልጅነቱ በቃሉ የያዘውን ጸሎት በሹክሹክታ ይደግማል።

«የእናንተ አምላክ ጆሮው ይከብደዋል እንዴ?» ይለኛል።

«የአንተስ አባባ፣ በየቀኑ ያንኑ ሲሰማ አይሰለቸውም?»

የምትቆጣው እማዬ ናት፤ እኛማ እንስቃለን። ሳቁ የቆመው ልጠመቅ ነው ያልኩት ቀን ነው።

ያን ቀን አባባ አንድ ደንበኛ ቤት፣ የዕቃ ማጠቢያ ሥር በጀርባው ተኝቶ ነበር። ስነግረው ወጥቶ ተቀመጠ።

«ተጠምቀሻል እኮ! ያቀፍኩሽ እኔው ነኝ። ካህኑ ውሃ ውስጥ ሲነክሩሽ ጢማቸውን ይዘሽ አልለቅም ብለሽ!»

«ማን ጠየቀኝ አባባ? እኛ ጋ የሚጠመቀው አምኖ በገዛ አፉ የመሰከረ ነው።»

«ስም ሲወጣልሽም ማንም አልጠየቀሽም። ስትጠሪ ግን ትመጫለሽ።»

መፍቻውን ሣጥኑ ውስጥ ወረወርኩት። እንዴት እንደተናደድኩ!

«ጥምቀት አንዲት ናት» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ደግሞ እነዚያ ሰዎችሽ በማን ስም እንደሚነክሩሽ ማን ያውቃል? ሥላሴን ረስተው ይሆናል። እኔ እዚያ አዳራሽ እግሬን አላነሳም።»

እኔ ደግሞ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከውሃው ስወጣ እሱ ቆሞ እንዲያየኝ። ጭብጨባውም አበባውም ይቅርብኝ።

አዳራሹ አዲስ የመጠመቂያ ገንዳ አሠርቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት ቀን ጾሙለት፤ አራቱንም ማዕዘን ዘይት ቀቡት፤ ቆመው አመሰገኑበት። አንድ ነገር ብቻ ረሱ። ውሃ ሞልተው አላዩትም።

የጥምቀቱ ቀን ጠዋት ውሃው ሲከፈት ከገንዳው ሥር ተንፎለፎለና ወደ ድምፅ ማጉያው ገመድ ገሰገሰ። ዋናው ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው «አንተ የጨለማ መንፈስ፣ ልቀቅ!» ብለው ጮኹ።

«ጋሼ፣ የለቀቀውማ መጋጠሚያው ነው» አልኳቸው።

በባትሪ ገብቼ አየሁት። የማፍሰሻው ቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠመጠመው ነጭ ማሸጊያ፣ ቴፍሎን የምንለው፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ተጠምጥሟል። እንዲያ ከሆነ መጋጠሚያው ሲጠብቅ ይተረተራል። ልፈታው ብል ንቅንቅ አላለም። ትልቁ መፍቻ ያለው አባባ ጋ ነው። ሮጥኩ።

አባባ በሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይወለውል ነበር።

«አባባ፣ የሚያፈስ ቧንቧ አለ።»

«የት?»

«ከነገርኩህ አትመጣም።»

ጫማውን አስቀመጠ። አባባ መንገድ ላይ የሰው ቧንቧ ሲንጠባጠብ ካየ እንኳ አንኳኩቶ ካልተናገረ እንቅልፍ አይወስደውም። መፍቻውን አነሳ።

«ለሥራ ነው። ለሥራ ብቻ።»

አዳራሹ በር ላይ አማተበ። ገንዳው ሥር አጎንብሶ እንደገና አማተበ፤ ሳያማትብ ቧንቧ ነክቶ አያውቅም። ዋናው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እዚህ ቤት ማማተብ…»

ፓስተራችን ክንዳቸውን ያዝ አደረጉ። «ይተዉት ጋሼ። መስቀሉ የእኛም ነው።»

አባባ መጋጠሚያውን ፈታና የቴፍሎኑን ጥቅል ወረወረልኝ። «ግጠሚው። የምትገቢበት አንቺ ነሽ።»

ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። የቧንቧውን ጥርስ ጠረግኩ፤ ከጫፉ ጀምሬ በትክክለኛው አቅጣጫ ጠመጠምኩ። አባባ ያስተማረኝ ሦስት ዙር ነው፤ ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ስም። ከልምድ የተነሳ ድምፄን አውጥቼ አልኩት። «በአብ። በወልድ። በመንፈስ ቅዱስ።»

«አሜን» አለ አባባ።

«አሜን» አሉ ዋናው ሽማግሌም፣ በአንድ አፍ። ሁለቱ ተያዩና ፊታቸውን አዞሩ።

ውሃው ተለቀቀ። ጠብ አላለም። አባባ ሣጥኑን መዝጋት ጀመረ፤ ክዳኑን ያዝኩበት።

«አባባ፣ ሰው ሲገባበት እኮ አልተፈተሸም። ቢያፈስስ? ባለሙያ መቆም አለበት።»

«አንቺ ምላሳም» አለ። ሣጥኑን ግን መሬት አስቀመጠው።

ተራዬ ደረሰ። ውሃው በረዶ ነው። ፓስተሩ ጀርባዬን ደግፈው «በአብ…» ሲሉ በዓይኔ አባባን ፈለግኩ። ግድግዳው ጋ ቆሞ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል። አንድ። ሁለት። ሦስት። ሦስተኛው ጣት ሲታጠፍ ውሃ ውስጥ ገባሁ።

ስወጣ አዳራሹ በእልልታ ቀልጧል። አባባ ግድግዳው ጋ የለም! ቁልቁል ሳይ ገንዳው ሥር ቁጢጥ ብሏል፤ መዳፉን መጋጠሚያው ሥር ዘርግቶ። ተነስቶ መዳፉን ወደ እኔ ከፍ አደረገ። ደረቅ ነበር።

«የገጠመችው እሷ ናት!» አላቸው ዋናውን ሽማግሌ፣ ከማጉያው በላይ። እንዲያ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም። «የልጅ ልጄ ናት!»

«ሃሌ ሉያ!» አሉ ሽማግሌው፤ ሌላ ምን ይበሉ?

ወደ ቤት ስንመለስ ፀጉሬ ገና ይንጠባጠባል።

«አንዴ ብቻ ነከሩሽ» አለ። «እኛ ጋ ሦስቴ ነው።»

«ስሙን ግን ሦስቱንም ጠሩ።»

«ጠሩ። እሱን አልክድም።»

«እና አሁን ጥምቀቴ የትኛው ነው?»

«እኔ ያቀፍኩሽ ነዋ! የዛሬው…» ትንሽ አሰበ። «የዛሬው ፍተሻ ነው።»

«እሺ፣ አለፍኩ?»

ሣጥኑን ከእጄ ተቀበለኝ። በሥራ ዘመናችን ሙሉ የምሸከመው እኔ ነኝ።

«ጠብ አላልሽም» አለ።