ፍርፍር አልበላም አለ

ፍርፍር ሰሐኑን አሸተተ፤ አስነጠሰ፤ ከዚያም ቅር እንደተሰኘ እንግዳ ጀርባውን ሰጥቶ ከማንጎው ዛፍ ሥር ተጋደመ።

«ዘጠነኛ» አለ አብዱልመጂድ። ደብተሩን ከፍቶ ጻፈ፦ «ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት። የተቀቀለ የፍየል ሥጋ፣ ሩዝ፣ ዱባ፣ ጥቂት ካሮት። ጨው የለውም። አሸተተ። ምራቁ ተንጠባጠበ። አልበላም።» «ምራቁ ተንጠባጠበ» ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ባዮሎጂ ሲያስተምር ለተማሪዎቹ ሳይሰለች የደጋገመላቸው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሕይወት ያለው ፍጡር ያለ ምክንያት አንዳች እንደማያደርግ ነው። ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ቁመቱ ክንድ የማይሞላ፣ ነጭ ጠጉሩ የተንጨባረረ ውሻ መጥቶ ያንን ሁሉ ትምህርት በገዛ ግቢው ያስተባብልበት ጀመር።

«ለእኔ እንኳ እንዲህ ያለ ምሳ ሠርተህልኝ አታውቅም» አለች ባለቤቱ ሐምዲያ፣ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ቆማ እጇን በቀሚሷ እያደራረቀች። «እሱም ቢሆን እውነት አለው። በሸዋ ሮቢት ምድር ሽንኩርት ያልነካው ሥጋ ማን ይበላል? እኔም ብሆን አኮርፋለሁ።»

«ሽንኩርት የውሻ ደም ያበላሻል ብሎናል እኮ ሐኪሙ ንጉሤ።»

«እሱ ያለው ሁሉ ተደረገ። ውሻው ግን ንጉሤን አልሰማም።»

ውሻው የእነሱ አልነበረም። የጎረቤታቸው የእትዬ ሰብለ ነበር። ባላቸው ከሞቱ፣ ልጆቻቸውም በየፊናቸው ከተበተኑ ወዲህ በዚያ ቤት ከፍርፍር በቀር እስትንፋስ የሚሰማ አልነበረም። እሑድ ማለዳ፣ ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ ባጃጁ ደጃፍ ላይ እየጠበቃቸው፣ የውሻውን ገመድ በአብዱልመጂድ እጅ አስቀመጡ። «አደራ» አላሉትም። የጎረቤትነት ዘመን ያስተማራቸውን የእሱን ቃል መርጠው፣ «አማና፣ መምህር» አሉት።

ያ ቃል ነበር እንቅልፍ የነሣው። አደራ ቢሉት ኖሮ የሚጠይቁት እሳቸው ነበሩ። አማና ብለው ግን ጠያቂውን ከራሳቸው በላይ፣ አላህን አደረጉበት።

የእንስሳት ሐኪሙ ንጉሤ የቀድሞ ተማሪው ነው። ሰኞ መጥቶ ውሻውን መረመረና፣ ለዓመታት የበላው ብስኩትና ቅቤ የጠጣ ፍርፋሪ ጉበቱን እንደጎዳው ነገረው። ከዚህ በኋላ ስብ የሌለው ሥጋ፣ ሩዝና አትክልት ብቻ እንዲሰጠው አዘዘ። ትናንት ማታ ሲደውል ግን ድምፁ ተለውጦ ነበር።

«መምህር፣ ትልቅ ውሻ ቢሆን አልሰጋም ነበር። ይሄ ትንሽ ነው፤ ጉበቱም ታሟል። እስከ ነገ ምሽት አንድ ነገር ካልቀመሰ ነፍሱን ላተርፍልዎ ቃል አልገባም።»

«ነገ ምሽት» የተባለው ዛሬ ነው።

አብዱልመጂድ ያልሞከረው አልነበረም። የቆርቆሮውን ሰሐን በፕላስቲክ፣ ፕላስቲኩን በሸክላ ለወጠ። ምግቡን አቀዘቀዘ፤ መልሶ አሞቀ። ከደብረ ሲና የወረደ ካሮት ገዛ። ማሾ የሚሉትን ጥራጥሬ ቀቀለ። ሥጋ ቤት ሄዶ ስብ የሌለው የፍየል ሥጋ ቢጠይቅ፣ ባለ ሥጋ ቤቱ ሱሌይማን ቢላዋውን አስቀምጦ፣ «ስብ የሌለው? ፍየሉ ጂም ይሠራ ነበር እንዴ፣ መምህር?» ብሎ ሰው አሳቀበት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ፣ ሐምዲያ እንዳታየው ጀርባውን ሰጥቷት፣ የተከለከለውን ብስኩት ሰባብሮ ሰሐኑ ላይ አኖረለት። ውሻው ብስኩቱንም አልነካም።

ይህን ሲያስታውስ እስክሪብቶው ደብተሩ ላይ ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ የወደደውን ብስኩት እንኳ ካልነካ፣ እንቢታው ከምግቡ ጋር አልነበረም ማለት ነው። ምራቁ እየተንጠባጠበ ካልበላ ደግሞ ርሃቡ አለ። ታዲያ በርሃቡና በሰሐኑ መካከል የቆመው ምንድን ነው? ቀና ብሎ ውሻውን አየው። ፍርፍር ሰሐኑን አይመለከትም፤ የአብዱልመጂድን እጅ ነበር የሚያየው። እጁ ወደ ቀኝ ሲሄድ ዓይኑም ወደ ቀኝ ይሄዳል። እስካሁን እንዳይመታ የፈራ መስሎት ነበር። የሚፈራ ውሻ ግን ጭራውን አይቆላም።

«ሐምዲ፣ ልደውልላቸው ነው።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ደህና ነው ስትላቸው ከርመህ?»

«ደህና ነው አልኩ እንጂ በላ አላልኩም።»

«አቤት መምህር! መልአክ ቢጠይቅህም እንዲሁ ልትመልስ ነው?»

ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ። አብዱልመጂድ ሐምዲያም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«እንዴት ዋሉ፣ እትዬ ሰብለ? ቁስሉ እንዴት ነው?»

«ተመስገን፣ መምህር። ዛሬ ሾርባ ቀመስኩ። ፍርፍርስ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ነው። እርስዎ ቤት በየትኛው ሰሐን ነው የሚበላው?»



«አልበላም እንዴ?»

«ከሄዱ ወዲህ አልቀመሰም።»

«ወይኔ ልጄን! ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእኔው ነው! ሰሐን አያውቅም፣ መምህር። ከእጄ ነው የሚበላው። ቡችላ ሳለ ታሞብኝ በጉርሻ አዳንኩት፤ እንደዚያው ለምዶ ቀረ።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩን?»

«እንዴት ብዬ? ሃያ ስምንት ዓመት ተጎራብተን የውሻ ምራቅ እናንተ ዘንድ ምን እንደሆነ አጥቼው ነው? ግቢያችሁ ማስገባታችሁ ራሱ ከብዶኝ ነበር፤ በዚያ ላይ አጉርሱልኝ ልበላችሁ? ሲርበው ከሰሐን ይለምዳል ብዬ...»

ስልኩ ሲዘጋ ሐምዲያ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ነበር። «ሱብሃነላህ! እሳቸው እኛን ሲያከብሩ እንስሳው በርሃብ ሊሞት!»

ወዲያው ገብታ ፌስታል ይዛ መጣች። አብዱልመጂድ ፌስታሉን ግራ እጁ ላይ አጠለቀና ጥቂት ሥጋና ሩዝ አንሥቶ ዘረጋ። ፍርፍር ብድግ አለ። ቀረበ፤ ከእሑድ ጀምሮ እንደዚህ ቀርቦ አያውቅም። አፍንጫውን ዘርግቶ ሳለ ፌስታሉ ተንኮሻኮሸ፤ ውሻው ደንግጦ ወደ ማንጎው ሥር ተመለሰ።

ይህን ዐሥረኛውን ሙከራ አብዱልመጂድ አልጻፈውም። ፌስታሉን አውልቆ እጁን አየ። የውሻ ምራቅ የነካው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው። ይህን ያወቀው ገና ልጅ ሳለ፣ ቁርኣን ቤት ነበር። ከዚያ ጀምሮ ባየው ውሻ ሁሉ መንገድ ሲቀይር ኖሯል። እንግዳ የሆነበት፣ የተማረው እንዴት እንደሚነጻ ሆኖ ሳለ፣ የያዘው እንዴት እንደሚሸሽ ብቻ መሆኑ ነው። የሚነጻበት መንገድ የተነገረውን ነገር ይህን ያህል ዘመን ስለምን ሸሸው?

ተነሥቶ የወተት ዱቄት ጣሳ ፈለገ። ከማንጎው ወዲያ ንጹሕ አፈር ሞልቶበት መጣና ከእጅ መታጠቢያው ጆግ አጠገብ አስቀመጠው።

ሐምዲያ ጣሳውን አየች። እሱንም አየች። ከዚያ ጆጉን በውሃ ልትሞላ ገባች።

አብዱልመጂድ የእጅጌውን ቁልፍ ፈትቶ እስከ ክርኑ ሰበሰበ። ግራ መዳፉ ላይ ሥጋውን ከሩዝ፣ ከዱባውና ከአንዲት ካሮት ጋር አድርጎ በርከክ አለ።

«ቢስሚላህ» አለ፤ ለራሱ ይሁን ለውሻው አልለየውም።

ፍርፍር መጣ። አሸተተ። አላስነጠሰም። ምላሱ ሞቃትና ሸካራ ነበር፤ መዳፉን ከዳር እስከ ዳር ጠርጎ፣ ካሮቷን ሳይቀር ዋጣት። አብዱልመጂድ ሳያስበው ሳቀ፤ ኮርኩሮት ነበር።

«በላ!» አለች ሐምዲያ፣ ጆጉ እጇ ላይ እንደተንጠለጠለ። «አንቺ ካሮት፣ ጉድሽ ፈላ!»

ሦስት ጊዜ አጎረሰው። ቀሪውን ከለከለው፤ ባዶ ሆድ በየሁለት ሰዓቱ በትንሽ በትንሹ መለማመድ እንዳለበት ንጉሤ አስጠንቅቆት ነበር። ከዚያ ሐምዲያ ውሃውን ስታወርድለት እጁን በአፈር አሸ፤ ታጠበ፤ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ሰባተኛው ላይ ደረሰ። ጣሳው ባዶውን ቀረ። የአሱር አዛን ከከተማው መስጊድ ተሰማ።

«ከሶላት መልስ ደግሞ ልታጎርሰው ነው?» አለች ሐምዲያ።

«ከሶላት መልስም፣ ማታም፣ ነገም። ቅዳሜ እስኪመጡ ድረስ።»

«እና ይሄ ሁሉ እጥበት?»

አብዱልመጂድ ባዶውን ጣሳ አነሣ፣ ውስጡን ተመለከተ፣ መልሶም አስቀመጠው። ከዚያ ከውሃው በርሜል አጠገብ የተደፋውን ትልቁን ባልዲ አንሥቶ፣ አፈሩ ንጹሕ ወደሆነበት ወደ ግቢው ጥግ አመራ። ፍርፍርም ዓይኑን ከእጁ ሳይነቅል ተከተለው።