ባዶ የተባለ መንገድ

ቆጠራው የተካሄደው ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሳምንት ነበር። ጥፋቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ሰበብ ማሳደድ ጊዜ ማባከን ነው። ሦስት ቆጣሪዎች ጠባቡ መንገድ ዳር ወንበር አስቀምጠው፣ የሚያልፈውን መኪናና እግረኛ ወረቀት ላይ ጭረት በጭረት ሲመዘግቡ ሰነበቱ። የሚመዘገብ ሲጠፋ ዝንብ ያባርሩ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ መሐንዲሷ ጭረቶቹን ደመረችና ካርታው ላይ፣ ከመንገዱ ጎን፣ በቀይ እስክሪብቶ «ባዶ» ብላ ጻፈች።

ቀኑን የመረጠችው ራሷ ነበረች። ጥናቱ በወሩ መጨረሻ ይድረስ ተብላ ስለተጣደፈች ትምህርት ቤት መቼ እንደሚዘጋ ማጣራት ትዝ አላላትም። በዚያ ላይ ያደገችበት መንገድ ነው፤ ገመድ የዘለለችበት፣ መኪና ብቅ ሲል የሰፈሩ ልጆች ጉድ ሊያዩ ተንጋግተው ይሮጡበት የነበረ። ቁጥሩ ትዝታዋን ደገፈላት፤ እሷም ቁጥሩን አልጠረጠረችውም።

ከዚያ በኋላ ከባድ መኪኖች ከመሀል ከተማ ተከለከሉና በዚያ መንገድ እንዲዞሩ ተደረገ። አውራ ጎዳናው እፎይ አለ። አደባባዩ ላይ የተተከለው የአየር መለኪያ፣ ከተማው ያለው አንድ ለእናቱ መለኪያ፣ ጭሱ በሲሶ መቀነሱን መሰከረ። ጋዜጣው አወጣው፤ መሥሪያ ቤቷም ተጨበጨበለት። ጠባቡ መንገድ ላይ ግን መለኪያ አልነበረም። የነበሩት አባቷ ናቸው።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አርባ ዓመት የጨርቅ ብናኝ የጠጣ ሳንባቸው ድሮም ደህና አልነበረም። ቤታቸው ምድር ላይ ነው፤ መስኮቱ መታጠፊያው ጥግ ላይ ይከፈታል። መኪናው እዚያ ሲደርስ ይቆማል፣ ያጓራል፣ ዳገቱን ለመያዝ ሲነሳ ጥቁሩን ጭስ መስኮቱ ላይ ይተፋዋል። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝተዋል። ሐኪሙ ሁለተኛ ጊዜ ሲያስወጣቸው «ሦስተኛውን እንዳትጠብቁ» አላት።

እናም ዛሬ ጠዋት ከባድ መኪኖቹ ከዚያ መንገድ ይነሱ የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ ይዛ አለቃዋ ቢሮ ገባች። የሚያስፈልጋት አንዲት ፊርማ ነበረች።

አለቃዋን ሠራተኛው «ቀስ በሉ» ይላቸዋል። ሁሉን ነገር ቀስ በሉ ስለሚሉ ነው፤ የትራፊክ ኃላፊ መሆናቸው ቀልዱን አድምቆታል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«በሰዓት ዘጠና ሁለት ከባድ መኪና ይላል። ማነው የቆጠረው?»

«እኔ። ሦስት ጠዋት ቆጥሬያለሁ።»

«የት ሆነሽ?»

«አባቴ ቤት፣ መስኮቱ ጋ።»

«አየሽ! ለአባቷ ብላ ነው ይሉሻል።»

«ይበሉኣ! ጋሼ፣ የመጀመሪያው ቆጠራ ስህተት ነው። እኔው ነኝ የተሳሳትኩት። ይኸው፣ ጽፌ ፈርሜበታለሁ።»

«ቀስ በይ እስቲ። ስህተት ነው እንበል። መኪኖቹን የት ልውሰዳቸው? ኪሴ ውስጥ ልክተታቸው?»

«ከከተማው ውጭ ባለው መንገድ ይዙሩ።»

«ድልድዩ ፈርሶ እየተሠራ አይደል እንዴ? ካርታውን የሣልሽው አንቺ፣ እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

«መቼ ያልቃል?»

«በሁለት ዓመት ይላሉ። እነሱ ሁለት ካሉ አንቺ አራት በይው።»

«እንግዲያው ወደ አውራ ጎዳናው ይመለሱ።»

«ቀስ በሉ» አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ወረቀት አወጡና በጣታቸው ወደ እሷ ገፉት። የሆስፒታሉ ወረቀት ነበር። ከባድ መኪኖች ከአውራ ጎዳናው ከወጡ ወዲህ አምቡላንስ በአርባ ደቂቃ ይደርስ የነበረው በአሥራ አንድ ደቂቃ እየደረሰ ነው፤ በምጥ መንገድ ላይ የቀረች እናት የለችም ይላል።

«ይሄንን የሠራሽው አንቺ ነሽ» አሏት። «አፍርሰው ትይኛለሽ?»

ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ሙሉ መኪና እንዴት እንደሚፈስ ተምራለች፤ መሄጃ ያጣ መኪና የት እንደሚገባ ግን የነገራት የለም።

«መለኪያውን ለአንድ ወር እንኳ ወደዚያ እናዙረው» አለች በመጨረሻ። «ያው ይመስክር።»

«ከተነሳ የዓመቱ ተከታታይ መዝገብ ይቋረጣል። ካልተነሳ ደግሞ የአንቺን መንገድ የሚለካው የለም። ገባኝ እኮ ልጄ፣ አልገባኝም አልኩ?» ደብዳቤውን አጥፈው መለሱላት። «አባትሽን አንቺ ጋ ውሰጃቸው።»

ከሰዓት አባቷ ቤት ሄደች። ሽማግሌው የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ወትፈውታል፤ ጨርቁ ጠዋት ነጭ ነበር ቢባል ማንም አያምንም። አልጋው ጠርዝ ላይ ጉልበታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«እህ፣ ኢንጂነር! ፈረሙልሽ?»

«አልፈረሙም፣ አባዬ።»

«ምን ብለው?»

አስረዳቻቸው። ድልድዩን፣ አምቡላንሱን፣ መለኪያውን። ልብስ ሲለኩ እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሟት። ስትጨርስ ሳል ያዛቸውና ጀርባቸውን እየደባበሰች ጠበቀቻቸው።

«እውነታቸውን ነው» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «ምጥ የያዛት ሴት ትቅደም።»

«እንደሱ አትበሉኝ።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ? ልስደብልሽ?»

«ተነሱ፣ እኔ ጋ እንሂድ። ልብስዎን ልያዝ።»

አባትየው ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ሳል ዞረ። «አራተኛ ፎቅ ላይ ተሰቅለሽ? ሊፍቱ ከተበላሸ ስንት ጊዜው ነው? ሁለተኛው ፎቅ ሳልደርስ ታለቅሺብኛለሽ። አንዴ ብደርስስ? እንደ መጋረጃ ተሰቅዬ ልቀር ነው።»

«ምድር ቤት እፈልጋለሁ።»

«ፈልጊ። እስክታገኚ እዚሁ ነኝ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት፤ «የእውነት ግን፣ ሌላ የሚጠየቅ ሰው የለም? ከበላይ፣ ከበላዩም በላይ?»

ሽቅብ እያየች ማን እንዳለ አሰላች። ሁሉም ጥናቱን ይጠቅሳሉ። ጥናቱ ላይ ያለው ስም የእሷ ነው።

«የለም» አለች።

«እንግዲህ አንቺ ያልቻልሽውን ማን ይችለዋል?»

ለመውቀስ አልነበረም የተናገሩት። እሷን ያንገበገባትም ይኸው ነው። ውጭ አንድ መኪና ቆመ፤ መስኮቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ሂጂ በቃ፣ ሥራሽ ይጠብቅሻል። ይሄኛው ይለፍና ውጪ። ስትወጪ ደግሞ በሩን ጥብቅ አድርገሽ ዝጊው።»

አለፈ። ከኋላው ሌላ መጣ፤ ከዚያም ሌላ። ክፍተት የለም። ሦስተኛው ዳገቱን ሲይዝ ቦርሳዋን አንግታ ጭሱ መሀል ወጣችና በሩን በሁለት እጇ ስባ ዘጋችው።