ዝናብ ያቋረጠው ትምህርት

ጋሼ ዲበኩሉ ጡረታ ከወጡ ሰነባብተዋል። ሐምሌ ገብቶ የመቱ ዝናብ አላባራ ሲል ግን የፈረንጆቹን ሳምንት ማንሳታቸው አይቀርም። ሚስታቸው እትዬ አስካለማርያም «ደግሞ ጀመራቸው!» እያሉ ይስቃሉ።

ነገሩ ከሚሌኒየሙ ማግስት በነበረው ክረምት ነው። ከየአገሩ የተሰባሰቡ ወጣቶች ለአንድ ሳምንት ካምፕ መቱ መጡ። ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ሁሩሙ ገበያ ወይ ያዮ ጫካ፣ ማታ ጨዋታና ጭፈራ። ኢሉባቦርን በሐምሌ ልጎብኝ የሚል ሰው ምን እንደነካው እንጃ! ድንኳናቸው ገና ሳያድሩበት ጎርፍ ገባበትና ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ተጠቃለሉ። ቢሆንም ደስ የሚሉ ልጆች ነበሩ። ጭቃ ላይ በወደቁ ቁጥር ይስቃሉ፤ የከተማው ልጅም አብሯቸው ይስቃል። ያን ጊዜ ሳቅ ቅርብ ነበር። እንደዚያ ያለ እንግዳ ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ስለ ያዮ የቡና ጫካ እንዲያስተምሩ የተጠሩት ጋሼ ዲበኩሉ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ የሰማቸው ሁሉ ለፈተና ብሎ ነው። ለማርክ ሳይሆን ለማወቅ የሚሰማቸው ሰው አንድ ቀን ማየት ምኞታቸው ነበር። ኮታቸውን አስተኩሰው ከሁሉም ቀድመው ተገኙ።

የቀድሞ ተማሪያቸው ሊቺ እየተረጎመችላቸው ገና መሀል ሳይደርሱ፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። በመቱ ደንብ አለ፤ ቆርቆሮ ሲጮህ መምህር ዝም ይላል፣ ተማሪም እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ጋሼም እንደ ልማዳቸው ጠመኔውን አስቀምጠው ዝም አሉ።

እንግዶቹ ትምህርቱ ያለቀ መሰላቸው። ተነሥተው አጨበጨቡ! ድምፁ አይሰማ፤ መዳፍ ብቻ ይታያል። ከዚያ ወደ በሩ ነጎዱ። ሊቺ ብትጮህ ማን ሰምቷት። ጋሼ ምኞታቸው በጭብጨባ ተሸኝቶ ሲወጣ ቆመው አዩ።

በሩ ጋ የደረሰች ሲግሪድ የምትባል የኖርዌይ ልጅ ግን ዞር ብላ አብረዋቸው ሲማሩ የነበሩትን የመቱ ልጆች አየች። አንድም የተነቃነቀ የለም። ግራ ገባትና ተመልሳ ተቀመጠች፤ እጇንም እንደነሱ አጣጠፈች። አንዱ አንዱን እያየ ሁሉም ተመለሰ። የተጠበሰ በቆሎ እየተቀባበሉ ዝናቡን አብረው ጠበቁት።

ሲያባራ ሊቺ «ጋሼ፣ ኢቲ ፉፋ! ይቀጥሉ እንጂ!» አለቻቸው።

ጋሼ ጠመኔውን አነሡና ከዝናብ በኋላ ሁሌ የሚጠይቁትን ጠየቁ፦ «የት ላይ ነበር ያቆምነው?» በማስተማር ዘመናቸው ለዚህች ጥያቄ መልስ አግኝተው አያውቁም። ተማሪው ሁሉ መሬት መሬት ያያል፤ እሳቸውም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

ሲግሪድ እጇን አወጣች። «ጥላ የሚሆነው ዛፍ ሲቆረጥ ቡናው ወዲያው አይሞትም፤ እንደቆመ ቀስ እያለ ይደርቃል ብለውናል» አለች በሊቺ አንደበት። «ከዚያስ?»

ጋሼ ዲበኩሉ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ እንባ ቀደማቸው። እንባቸውን ጠመኔ በነካው እጃቸው ሲጠርጉት ፊታቸው ነጭ በነጭ ሆነ። የመቱ ልጆች ሳቁ፤ ለቅሶ መሆኑ ሲገባቸው እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ።